ነፍስን መጠበቅና የወረዳው በጀት



ሁላችንም የምናውቀው አንድ ዓይነት ጀናዛ አለ። ሟቹ ወጣት ነው፤ ትናንት ዐስር ላይ ሰፍ ውስጥ የታየ ነው። ቤተሰቡ «ድንገት አመመው» ይላል። ማንም አይጠይቅም፤ ሁሉም ግን ያውቃል። መስጂዱ ጥግ ላይ ኢማሙ ይስገድበት አይስገድበት የሚል ክርክር በሹክሹክታ ይነሣል። ከቀብር መልስ እናቲቱን ለማጽናናት የሚመጣው ሰው ከሌላው ለቅሶ ያነሰ ነው፤ የመጣውም ምን እንደሚናገር ጨንቆት ሻዩን ጠጥቶ ይወጣል። በሳምንቱ ጉዳዩ ይዘጋል፤ እስከሚቀጥለው ድረስ።

ይህ ጽሑፍ ራስን ማጥፋት ሐራም መሆን አለመሆኑን ለመወያየት የተነሣ አይደለም። እርሱን ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። ጥያቄው ሌላ ነው። ያ ወጣት እዚያ ከመድረሱ በፊት ማን ሊያውቅለት ይገባ ነበር? ያወቀስ ሰው ወዴት ሊወስደው ይችል ነበር? ለዚህ ሥራ ተብሎ በወረዳው፣ በክፍለ ከተማው ወይም በመስጂዱ የተመደበ ሰው አለን? የተመደበ ገንዘብስ? «ሐራም ነው» የሚለው ቃል ብቻውን ሰውን ከሞት የሚመልስ ቢሆን ኖሮ ከላይ የተገለጸው ጀናዛ በሙስሊም ሰፈር ባልታየ ነበር።

ሸሪዓው ምን ይላል?

በሱረቱ ኒሳእ 29ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ) ነፍሳችንን እንዳንገድል ከልክሎናል። ልብ ብሎ ያነበበ ሰው ግን አንቀጹ በምን እንደሚዘጋ ያስተውላል፤ የሚዘጋው አላህ ለኛ አዛኝ መሆኑን በመንገር ነው። ዛቻው የሚመጣው በቀጣዩ አንቀጽ ሲሆን እዝነቱ ቀድሞታል። በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገቡት ብርቱ ማስጠንቀቂያዎችም ሰውየው እጁን እንዲሰበስብ የታለሙ ናቸው እንጂ እኛ በሞተው ሰው ላይ ዳኛ ሆነን እንድንቀመጥ አይደለም።

ብዙ ጊዜ የማይነገር አንድ ሐዲስ እዚህ ላይ መነሣት አለበት። ጃቢር (ረ.ዐ) እንዳወሩትና ኢማም ሙስሊም በሶሒሓቸው እንደዘገቡት፣ ጡፈይል ኢብኑ ዐምር አድ-ደውሲ ከጎሣቸው አንድ ሰው ጋር ወደ መዲና ተሰደዱ። የመዲና አየር ለሰውየው አልተስማማውም፤ ታመመ፤ ሕመሙ ጸናበትና ትዕግሥቱ አለቀ፤ በዚህም ሁኔታ ራሱን ጎድቶ ሞተ። ጡፈይል በኋላ በሕልማቸው አዩት። መልኩ ያማረ ነው፤ እጆቹ ግን ተሸፍነዋል። ጌታው ምን እንዳደረገው ሲጠይቁት ወደ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በመሰደዱ ምክንያት እንደማረው፣ በገዛ ራሱ ያበላሸው እጁ ግን እንዳልተስተካከለለት ነገራቸው። ጡፈይል ይህን ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሲያጫውቷቸው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ለእጆቹም ምሕረት እንዲሆንለት አላህን ለመኑለት።

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወሬውን አላፈኑትም፤ ሰውየውንም አልረገሙትም፤ ዱዓ አደረጉለት። የሶሒሕ ሙስሊም የምዕራፍ ርእስም ይህን ሐዲስ የሚያቀርበው ራሱን የገደለ ሰው በዚህ ብቻ ከኢስላም እንደማይወጣ ማስረጃ አድርጎ ነው። ስለ ሶላተል ጀናዛም ቢሆን ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው ሳይሰግዱ እንደቀሩ በጃቢር ኢብኑ ሰሙራ ተዘግቧል። ከዚህ በመነሣት ዑመር ኢብኑ ዐብዱልዐዚዝና አውዛዒ አይሰገድበትም ሲሉ፣ ሐሰን፣ ነኸዒ፣ ቀታዳ፣ ማሊክ፣ አቡ ሐኒፋ፣ ሻፊዒና አብዛኞቹ ዑለሞች ይሰገድበታል ማለታቸውን ኢማም ነወዊ ጽፈዋል። በአገራችን የተስፋፉት የሻፊዒና የሐነፊ መዝሀቦች ናቸው። እንግዲያው ያ በመስጂዱ ጥግ የሚነሣው ሹክሹክታ በኛ መዝሀብ መልስ ያገኘ ነገር ነው ማለት ነው።

ሌላው የሚሰማው አነጋገር «ቀደር ነው፤ ማን ያስቀረዋል» የሚል ነው። ቀዷና ቀደር የእምነታችን ማዕዘን መሆኑ አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ሰርግ ከተባለ ስፍራ ደርሰው በዚያ አገር ወረርሽኝ መግባቱን በሰሙ ጊዜ ሶሃቦችን አማክረው ሰዉን ይዘው ሊመለሱ ወሰኑ። አቡ ዑበይዳም ከአላህ ቀደር ሽሽት ነውን? ብለው ጠየቋቸው። ዑመርም ከአላህ ቀደር ወደ አላህ ቀደር እየሸሹ መሆናቸውን መልሰው፣ አንዱ ገደሉ ለምለም ሌላው ደረቅ የሆነ ሸለቆ ውስጥ የገባን የግመል እረኛ በምሳሌነት አነሡ። በለምለሙም ቢያሰማራ በደረቁም ቢያሰማራ በቀደር ነው፤ ለምለሙን ትቶ ደረቁን የመረጠ እረኛ ግን እረኛ አይባልም። የአንድ ወረዳ አስተዳዳሪ ወይም የአንድ መስጂድ ኮሚቴም እንዲሁ እረኛ ነው።

ገንዘቡንስ በተመለከተ? ሕይወትን መጠበቅ (ሒፍዙ ነፍስ) ሸሪዓው ሊጠብቃቸው ከመጣባቸው አምስቱ መሠረታዊ ነገሮች አንዱ ነው። አንድ የጋራ ግዴታ (ፈርዱል ኪፋያ) የሚፈጸመው ደግሞ በምኞት ሳይሆን ባለሙያና ወጪ ሲመደብለት ነው። አባቶቻችን ይህን በሚገባ ያውቁ ነበር። ኑረዲን በደማስቆ እ.ኤ.አ. በ1154፣ ሱልጣን ቀላውን በካይሮ በ1284፣ አርጉን አልካሚሊ በሐለብ በ1354 ያሠሯቸው ቢማሪስታኖች (የሕክምና ቤቶች) በወቅፍ ገቢ ይተዳደሩ ነበር። የካይሮው የአእምሮ ሕሙማን ተለይተው የሚታከሙበት ክፍል ነበረው። አእምሮው የተናወጠ ሰው የሕዝብ ኃላፊነት ነው የሚለው አሳብ ስለዚህ ከውጭ የመጣብን አይደለም፤ ከኛው ቤት ወጥቶ የጠፋብን ነው።

የጃፓን ተሞክሮ

በዘመናችን ይህን ጉዳይ ከግለሰብ ምሥጢርነት አውጥተው የማዘጋጃ ቤት ሥራ ካደረጉት አገሮች ጃፓን በግንባር ቀደምትነት ትጠቀሳለች። ጃፓኖች ሙስሊሞች አይደሉም፤ ራስን ስለ ማጥፋት ያላቸው የቆየ አመለካከትም ከኛ ይለያል። ዝምታቸው ግን ከኛ ዝምታ ጋር እጅግ ይመሳሰል ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1997 መጨረሻ በጃፓን ታላላቅ የገንዘብ ተቋማት ወደቁ። በዚያ ዓመት ራሳቸውን ያጠፉት ሰዎች 24,391 ነበሩ። በ1998 ቁጥሩ 32,863 ሆነ። በአንድ ዓመት ከ8,000 በላይ ጨመረ ማለት ነው። ከተጨመሩት ብዙዎቹ በሥራ ዕድሜ ላይ ያሉ፣ ቤተሰብ የሚያስተዳድሩ ወንዶች ነበሩ። በ2003 ቁጥሩ 34,427 ደረሰ። ለ14 ዓመታት በተከታታይ ከ30,000 በታች አልወረደም። ይህ ሁሉ ሲሆን መንግሥት ጉዳዩን የጤና ጥበቃ ሥራ ብቻ አድርጎ ይመለከተው ነበር፤ ቤተሰብም «በልብ ድካም ሞተ» እያለ ይቀብር ነበር።

ዝምታውን የሰበሩት ልጆች ናቸው። ወላጆቻቸውን በዚህ መንገድ ያጡ፣ ከአንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት የትምህርት ድጎማ የሚያገኙ ተማሪዎች የደረሰባቸውን ጽፈው በ2000 በትንሽ መጽሐፍ አሳተሙ። በ2001 መጨረሻም አንዳንዶቹ ወደ ጠቅላይ ሚኒስትር ኮይዙሚ ዘንድ ገብተው መንግሥት አንድ ነገር እንዲያደርግ ጠየቁ። ቀጥሎ ከ100 ሺህ በላይ ፊርማ ተሰበሰበና በ2006 ራስን ማጥፋትን የመከላከል መሠረታዊ ሕግ በፓርላማ ጸደቀ። የሕጉ ቁልፍ አሳብ ነገሩ የግል ጉዳይ ብቻ ሆኖ መታየት እንደሌለበት፣ ከበስተጀርባው ማኅበራዊ ምክንያቶች እንዳሉና መንግሥትም ሆነ የአካባቢ አስተዳደር ተጠያቂ መሆናቸውን መደንገጉ ነው።

ሕግ ብቻውን ግን ወረቀት ነው። ለውጥ የሚመጣው ገንዘቡ ወደ ታች ሲወርድ ነው። በ2009 የጃፓን መንግሥት 10 ቢሊዮን የን (በጊዜው ምንዛሪ ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ) ለአካባቢ ሥራ የሚውል አስቸኳይ ፈንድ አቋቁሞ ለክፍለ ሀገሮች አከፋፈለ። ገንዘቡ ፊት ለፊት የሚሰጥ ምክርን፣ የስልክ ምክርን፣ የሰው ኃይል ሥልጠናንና ሕዝብን ማስተማርን እንዲሸፍን ተፈቀደ። ሕጉ በ2016 ሲሻሻል ደግሞ 47ቱም ክፍለ ሀገሮችና ከ1,700 በላይ የሆኑት ማዘጋጃ ቤቶች እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ዕቅድ እንዲያወጡ ግዴታ ተጣለባቸው።

ዕቅድ ሲባል ምን ማለት ነው? ብዙ ጊዜ ዕቅድ የሚባለው መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ጥራዝ ስለሆነ መጠየቁ ተገቢ ነው። በጃፓን ዕቅዱ የሚጀምረው ከቁጥር ነው። በዚያ ከተማ ባለፉት ዓመታት የሞቱት እነማን ናቸው? ሽማግሌዎች ናቸውን? ሥራ አጥ ወንዶች? ተማሪዎች? ብቻቸውን የሚኖሩ? ይህን የሚያሳይ ዝርዝር ከማእከል ተዘጋጅቶ ለየማዘጋጃ ቤቱ ይላካል። ከዚያ ያ ከተማ ለራሱ ችግር የሚሆነውን ይመርጣል። የገጠሩ ከተማ ብቸኛ አረጋውያንን የሚጎበኙ ሰዎችን ያሠለጥናል፤ የከተማው አስተዳደር ደግሞ ሥራ ፈላጊዎች የሚመዘገቡበት መሥሪያ ቤት ውስጥ የሕግ ባለሙያና የጤና ባለሙያ ያስቀምጣል። በቶኪዮ የአዳቺ ክፍለ ከተማ በዚህ የተቀናጀ አሠራሩ ይታወቃል። የሚሠለጥኑትም ሐኪሞች ብቻ አይደሉም፤ ጸጉር አስተካካዮችና የመድኃኒት ቤት ሠራተኞች ሳይቀሩ የሰውን ጭንቀት እንዲያስተውሉ፣ እንዲጠይቁና ወደሚመለከተው እንዲያገናኙ ይሠለጥናሉ። የበጀት ዓመቱ በሚዘጋበት በመጋቢት ወር ሞት ከፍ ይል ስለነበር ያ ወር የተጠናከረ ሥራ የሚሠራበት ተብሎ ተሰይሟል።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚያስተምረው ግን አንድ ጥናት ነው። የሟቾችን ቤተሰቦች ቤት ለቤት እየዞረ የጠየቀ አንድ መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት ያገኘው ውጤት በ2008 ታትሟል። ከአንድ ሞት በስተጀርባ በአማካይ አራት ያህል ምክንያቶች ተደራርበው ይገኙ ነበር። ሰውየው ከሥራ ይሰናበታል፤ ለመኖር ይበደራል፤ እዳው ይከመራል፤ ከሚስቱ ጋር ይጋጫል፤ የድብርት ሕመም ይይዘዋል። ከሟቾቹም ብዙዎቹ ከመሞታቸው በፊት አንድ ቦታ ሄደው ርዳታ ጠይቀው ነበር። አንዱ ሐኪም ዘንድ፣ ሌላው ባንክ፣ ሌላው የመንግሥት ጽሕፈት ቤት። እያንዳንዱ መስኮት የራሱን ቁራጭ ብቻ አይቶ ሸኘው። ሰውየውን ሙሉ አድርጎ ያየው ሰው አልነበረም። የአካባቢ ዕቅድ አስፈላጊነት እዚህ ላይ ነው፤ በመስኮቶቹ መካከል ያለውን መንገድ የሚጠርግ ሰው ደመወዝ ተከፍሎት እንዲቀመጥ ማድረግ።

ጃፓን ከዚሁ ጎን የአራጣ አበዳሪዎችን ሕግ አሻሽላ በ2010 ሙሉ በሙሉ ተግባራዊ አደረገች፤ አንድ ሰው ሊበደር የሚችለው ከዓመት ገቢው ሲሶ እንዳይበልጥ ተወሰነ። ወለድ የሰውን ነፍስ እስከ መውሰድ እንደሚደርስ ለዚህ ጋዜጣ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም።

ውጤቱስ? በ2012 ቁጥሩ ከ15 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ30,000 በታች ወርዶ 27,858 ሆነ። በ2019 ወደ 20,169 ዝቅ አለ። ሁሉም በበጀቱ የመጣ ነው ማለት አይቻልም፤ የኢኮኖሚው ማገገምም ድርሻ አለው። በ2020 በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ ቁጥሩ መልሶ ወደ 21,081 ከፍ አለ። ከሁሉ የሚያሳዝነው የተማሪ ልጆች ጉዳይ ነው፤ የጠቅላላው ቁጥር ሲቀንስ የእነርሱ አልቀነሰም፤ በ2022 ብቻ 514 ተማሪዎች ሞተዋል። ለጎልማሳ ወንድ የተሠራው ዕቅድ ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ አልሆነም ማለት ነው። በኔ አመለካከት ደግሞ እንዲህ ያለ ገንዘብ አንድ የተለመደ ፈተና አለው፤ ፖስተር ማተም ሰው ከመቅጠር ይቀላል። ገንዘቡ ለተወሰኑ ዓመታት ብቻ ሲሰጥ ፖስተሩ ይቀራል፣ ሰውየው ይሰናበታል።

በዚህ ረገድ የስሪላንካም ነገር በአጭሩ ይነሣ። እዚያ ያዳነው ምክር ሳይሆን በዋናነት የንግድ ቁጥጥር ነው። መንግሥት ለሰው እጅግ አደገኛ የሆኑትን የተባይ ማጥፊያ ዓይነቶች ከ1980ዎቹ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ከገበያ አስወጣ። ከ1995 ወዲህ ባሉት ሃያ ዓመታት ራስን የማጥፋት መጠን በ70 በመቶ ገደማ ቀነሰ፤ የዳኑት 93,000 ያህል ሰዎች እንደሆኑ ተገምቷል፤ ለአንድ ነፍስ መንግሥት ያወጣው ወጪም ከ50 ዶላር በታች ነው። የአዝመራውም ምርት አልቀነሰም። በጭንቅ ሰዓት አደገኛው ነገር ከእጅ ከራቀ ሰዓቱ ያልፋል፤ ሰውየውም ይተርፋል። ብዙ ሰው «የቆረጠ ሰው ሌላ መንገድ ያገኛል» ይላል። የስሪላንካ ቁጥር ይህን አባባል ውድቅ አድርጎታል።

ወደ አገራችን ስንመለስ

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በ2021 በዓለም ዙሪያ 727,000 ሰዎች ራሳቸውን አጥፍተዋል፤ ከነዚህም 73 በመቶው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው። ይህ የሠለጠነው ዓለም በሽታ ነው እያልን የምንጽናናበት ወሬ እንግዲህ እውነት አይደለም። በኛው አገር በ1990ዎቹ በቡታጅራ ዙሪያ ከ10,000 በላይ ጎልማሶች ተጠይቀው 3.2 በመቶው፣ ማለትም ከ300 በላይ ሰው፣ በሕይወት ዘመናቸው ሞክረው እንደነበር ተናግረዋል። ከነዚህ የሚበዙት ሴቶች ሲሆኑ በሁለቱም ጾታ በርከት ብሎ የታየው ከ15 እስከ 24 ዓመት ባለው ዕድሜ ነበር። ቡታጅራ ሙስሊሙ በብዛት የሚኖርባት አካባቢ መሆኗን ልብ ይሏል።

የጡፈይል ጓደኛ ባይተዋር ነበር፤ ስደተኛና በሽተኛ። ዛሬ ይህ ሁኔታ የማንን ሁኔታ ይመስላል? በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ከሳዑዲ ዐረቢያ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ውስጥ ተመለሱ። ከዚያ በኋላም መመለሱ አልቆመም። ከተመላሾቹ መካከል ልብሷን በፌስታል ይዛ፣ ደመወዟ ቀርቶባት፣ የደረሰባትን ለእናቷ እንኳ መናገር አቅቷት የገባች እህት አለች። ቤተሰቡ የሚጠብቀው ገንዘብ ነው፤ ለጉዞዋ የተበደረው እዳም አልተከፈለም። አራቱ ምክንያቶች እዚህ አንድ ላይ ተቀምጠዋል። «ምን ይዘሽ መጣሽ?» የሚለውን ጥያቄ በሰላምታ ምትክ ያልሰማች ጥቂት ናት።

መልካም ጅምሮች የሉም አይባልም። በ2012 የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር የአእምሮ ሕክምና በዋና ከተማው ሆስፒታል ብቻ ሳይወሰን ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወርድ የሚያልም ብሔራዊ ስትራቴጂ አውጥቷል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በየቀበሌው ቤት ለቤት ይሄዳሉ። በ2004 የወጣው የወንጀል ሕጋችንም ሌላውን ወደዚህ የሚገፋፋውን ወይም የሚረዳውን ይቀጣል እንጂ ሞክሮ የተረፈውን ወንጀለኛ አያደርግም። ፓኪስታን ይህን ቅጣት ከሕጓ የሰረዘችው በ2022 ሲሆን ማሌዥያ ደግሞ በ2023 ነው። የተረፈን ሰው ወደ ሐኪም ለመውሰድ የሚፈራ ቤተሰብ ካለ ሕጉ እንደማይከሰው ይወቅ።

የጎደለው የወረዳው መስመር ነው። የወረዳ ጤና በጀት አብዛኛው ለደመወዝ ይውላል፤ የቀረው ለክትባት፣ ለእናቶች፣ ለወባ ይከፋፈላል። እነዚህ ሁሉ ተገቢ ናቸው። ነገር ግን በበጀቱ ሰነድ ላይ ስም የሌለው ነገር ኃላፊም የለውም፤ ኃላፊ የሌለው ነገር ሪፖርት የለውም፤ ሪፖርት የሌለው ነገር ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት በጀት አይጠየቅለትም። የሚያስፈልገው ገንዘብ ብዙ አይደለም። በአንድ ወረዳ አንድ ደመወዝተኛ አስተባባሪ፣ በየጤና ጣቢያው የሠለጠነ አንድ ነርስና የማይቋረጥ መድኃኒት፣ ሞክሮ የተረፈን ሰው በሳምንቱና በወሩ ቤቱ ሄዶ የሚጎበኝ ሰው፣ ለመምህራንና ለሃይማኖት አባቶች አጭር ሥልጠና፣ በተባይ ማጥፊያ ሻጮችም ላይ ቁጥጥር ቢኖር መነሻ ይሆናል። ከዚያ በፊት ግን ቁጥሩ ይታወቅ። ስም ሳይነሣ፣ የቤተሰብ ገመና ሳይገለጥ፣ በዚህ ወረዳ በዓመት ስንት ሰው፣ በየትኛው ዕድሜ ተብሎ የሚመዘገብበት መዝገብ ከሌለ ዕቅዱ በግምት የተሠራ ይሆናል።

«ጉዳዩ የመንግሥት ከሆነ እኛ ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። በመጀመሪያ ነገር የመንግሥት ገንዘብ የኛው ግብር ነው፤ ሐምሌ 1 ቀን ለሚጀምረው በጀት አስቀድሞ በሚደረገው የሕዝብ ውይይት ላይ ተገኝቶ መጠየቅ መብታችን ነው። እስከ ዛሬ በእንዲህ ዓይነቱ ስብሰባ የኛ ሰው የሚያነሣው የመቃብር ቦታና የመስጂድ ይዞታ ጥያቄ ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ለሙታን የጠየቅነውን ያህል ለሕያዋን አለመጠየቃችን ግን ያስገርማል።

ሁለተኛ፣ መንግሥት የማይደርስበት የኛ ድርሻ አለ። በሱረቱ ተውባ 60ኛው አንቀጽ ዘካ ከሚሰጣቸው ስምንት ወገኖች አንዱ ባለ እዳዎች (ጋሪሙን) ናቸው። በየረመዳኑ ዘካ ስናከፋፍል ፊታችን የሚመጣው ስንዴና ዱቄት ነው፤ የባለ እዳው ድርሻ በብዙ ሰፈር ተረስቷል። እዳ ያጎበጠው ሰው ደግሞ አይለምንም፤ ያፍራል፤ ይደበቃል። የዘካ ኮሚቴ በዓመት ጥቂት እንኳ እንዲህ ያሉ ሰዎችን በምሥጢር ፈልጎ ቢያወጣ የጃፓን ማዘጋጃ ቤቶች በሕግ ባለሙያ የሚሠሩትን ሥራ እኛ በአላህ መጽሐፍ በተደነገገ ሒሳብ እንሠራው ነበር። ሚስኪን የሆነ የአእምሮ ሕመምተኛን ማሳከምም በድኃው ድርሻ ውስጥ ሊገባ የሚችል ነው። የአስተባባሪ ደመወዝና የሥልጠና ወጪ ግን ከዘካ ይከፈል ለማለት አልደፍርም፤ እርሱ ከመንግሥት በጀት፣ ከሰደቃና ከወቅፍ ቢሆን ይሻላል። ወላሁ አዕለም።

ኡስታዞቻችንንም በተመለከተ አንድ ነገር መባል አለበት። የተጨነቀ ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚመጣው ወደ እነርሱ ነው። «መኖር ሰለቸኝ» ያለን ሰው ኢማንህ ደክሟል ብሎ መሸኘት ከነዚያ መስኮቶች አንዱ መሆን ነው። ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህን? ብሎ በቀጥታ መጠየቅ አሳቡን አይተክልበትም፤ ባለሙያዎች እንደሚያስረዱት ይልቁንም ሸክሙን ያቀልለታል። አዎ ካለ ብቻውን አይተውም፤ ሊጎዳው የሚችል ነገር ከአጠገቡ ይወሰድና በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይወሰዳል፤ የሚያምነው ዘመዱም ይጠራል። ሩቂያውም ዱዓውም አይቀርም፤ ነገር ግን በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሱና መታከም የታዘዘ ነገር ነውና ሩቂያው መድኃኒቱን አያስቀርም። ይህን የሚያነብ፣ ራሱ በዚህ አሳብ የተያዘ ወንድም ወይም እህት ካለም ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ይንገር፤ ነገ አይበል።

እኛ ጋዜጠኞችም ከደሙ ንጹሕ አይደለንም። እንዲህ ያለው ሞት ሲከሰት እንዴት እንደሆነ መዘርዘር፣ ፎቶግራፍ ማውጣት፣ በአንድ ምክንያት ብቻ ማሳበብ ሌላውን ተጨናቂ ሊገፋ እንደሚችል በጥናት ታውቋል።

በጃፓን ከወጡት የአካባቢ ዕቅዶች በብዙዎቹ ውስጥ የሟች ቤተሰቦችን መደገፍ ራሱን የቻለ ክፍል ነው። እናት፣ ሚስት፣ ወንድም ጥፋተኛ ነኝ እያሉ ይኖራሉና፤ እነርሱም ለተመሳሳይ አደጋ የተጋለጡ ናቸው። እዚያ ለዚህ አዳራሽ ይከራያል፣ ባለሙያ ይከፈለዋል። እኛ ዘንድ እድር አለ፣ ጎረቤት አለ፣ የመስጂድ ጀመዓ አለ። ሰው ሻዩን ጠጥቶ ወደ ወጣበት፣ ከዚያም ወዲያ ማንም ወዳልተመለሰበት ቤት ሄዶ ከእናቲቱ ጋር ለመቀመጥ፣ የልጇንም ስም ሳይፈሩ ጠርቶ ዱዓ ለማድረግ የምክር ቤት ውሳኔ አይጠበቅም። ዛሬ ከመግሪብ በኋላ መሄድ ይቻላል።